መብራት ሲጠፋ የሚሞቅ ፕላዝማ

ያን ቀን ወደ አርሲ ነገሌ ልሄድ ከአዳማ ተነስቼ ዱከም ደረስኩ። እስከ ሞጆ መንገዱ አንድ ስለሆነ የተሳሳተ ሚኒባስ መሳፈሬ አልታወቀኝም። ከሞጆ ወደ ግራ መታጠፍ ሲገባን ቀጥ ብለን ስንነጉድ እንኳ እኔ በልቤ የይቅርታ ንግግር እያጠናሁ ነበር። አጠገቤ የተቀመጠች የፋብሪካ ሠራተኛ፣ "አባባ፣ የት ወራጅ ነዎት?" ብትለኝ "ነገሌ" አልኳት።

"ታዲያ በቻይና በኩል ነው እንዴ የሚሄዱት?" አለ አንዱ ከኋላ። ሚኒባሱ ሙሉ ሳቀ፤ እኔም አብሬ ሳቅኩ። ለራሴ ውርደት ሁሌም የመጀመሪያው አጨብጫቢ እኔ ነኝ።

ሥራዬ በኮምፒውተር ፊዚክስ ማስላት ነው። ፀሐይ ውስጥ ትናንሽ አቶሞች ተዋህደው ኃይል እንደሚሰጡ ሁሉ፣ ያንኑ ምድር ላይ ለማድረግ ከሚደክሙ ሰዎች ጋር እሠራለሁ። ማሽኑ ባሕር ማዶ ነው። እኔ አዳማ፣ ቤቴ ካለው ኮምፒውተር ፊት ቁጭ ብዬ፣ በማግኔት የታጠረው ፕላዝማ የሚባል የጋለ ጋዝ ሙቀቱን በምን ያህል ፍጥነት እንደሚያፈስ አሰላለሁ። ለጎረቤቶቼ ባጭሩ "ፀሐይ እጠብቃለሁ" እላቸዋለሁ። ፀሐይ የሚሞቅ እንጂ ፀሐይ የሚጠብቅ ሽማግሌ አይተው ስለማያውቁ ያዝኑልኛል።

አንዱ ስሌት ሳምንታት ይፈጃል፤ መብራት ደግሞ ይጠፋል። ስለዚህ ፕሮግራሙ የደረሰበትን በየሰዓቱ እንዲያስቀምጥና መብራት ሲመጣ ካቆመበት እንዲቀጥል የሚያደርገውን ክፍል በገዛ እጄ ጻፍኩ። አዲስ ጫማ እንደተገዛለት ልጅ ኮራሁበት። ውጤቱም ጉድ ነበር፤ ፕላዝማው ከታሰበው በላይ ሙቀቱን ያዘ። ግራፉ ላይ ሙቀቱ ድንገት እየዘለለ እንደ ደረጃ ይወጣል። ለእነዚያ ደረጃዎች "የሙቀት እመርታ" የሚል ትልቅ ስም አወጣሁና ዩኒቨርሲቲው አዳራሽ ሄጄ ለፈፍኩ።

ያኔ ማስተርሷን በእኔ አማካሪነት የምትሠራ የነገሌ ልጅ ነበረች። አነስ ያለውን ስሌት በላፕቶፕዋ ሞክራው ኖሮ፣ ሰው ሁሉ ባለበት እጇን አወጣች።

"ጋሼ፣ ደረጃዎቹ እኔ ጋ የሉም።"

"ልጄ፣ ያ ላፕቶፕ ለነገሌ ገበያ ስንዴ ማስያ ይበቃል፤ ለፀሐይ ግን አቅም ያንሰዋል" አልኩ።

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። እሷ አንገቷን ደፋች። የራሷን ስሌት የያዘውን ምዕራፍ ከመመረቂያ ጽሑፏ አውጥታ፣ የእኔን ቁጥሮች ተክታ ተመረቀች። ለዶክትሬት ቀጥዪ ሲሏት "ለዚህ ሥራ ዓይን የለኝም" ብላ አገሯ ገብታ ማስተማር ጀመረች። እኔም ይኸው ትሑት ልጅ ብዬ አደነቅኳት! ያስተማርኳት ትሕትና አልነበረም።

ከሁለት ዓመት በኋላ፣ የግቢያችንን የፊት ክፍል የተከራየው የወሎ ልብስ ሰፊ ደጃፉ ላይ ሆኖ ሲማረር ሰማሁት። "ወላሂ ጋሼ፣ ማክሰኞ ጠፋ፣ ሐሙስ ጠፋ፣ ዛሬ ጠዋትም ጠፋ! የሰውን ሱሪ በጥርሴ ልስፋው?" ስቄ ወደ ቤት ገባሁና ስሌቴን ከፈትኩ። አንድ ደረጃ ማክሰኞ። አንድ ሐሙስ። አንድ ዛሬ ጠዋት።

ሳቄ እዚያው ቀረ። የጻፍኩትን ክፍል መስመር በመስመር አነበብኩት። ስሌቱ ካቆመበት በቀጠለ ቁጥር፣ ለፕላዝማው መጀመሪያ አንድ ጊዜ ብቻ የሚሰጠውን ሙቀት እንደገና ይጨምርለት ነበር። በዓለም ላይ መብራት ሲጠፋ የሚሞቅ ነገር የሠራ ሰው እኔ ብቻ ሳልሆን አልቀርም። የእሷ ላፕቶፕ ባትሪ ስላለው መብራት ሲጠፋም ሳይቋረጥ ይሠራ ነበር፤ ደረጃ ያልነበረውም ለዚያ ነው። ትክክል እሷ ነበረች።

በማግስቱ ነው እንግዲህ ዱከም የደረስኩት። ተመልሼ፣ ሞጆ ላይ መኪና ቀይሬ፣ ነገሌ የምታስተምርበት ትምህርት ቤት ስገባ ከሰዓት ሆኗል። ሁሉንም ነገርኳት። የእጇን ጠመኔ እያራገፈች እስከ መጨረሻው ሰማችኝ።

"ጋሼ፣ ሁለት ዓመት ሙሉ እኮ ራሴን ነው የጠረጠርኩት" አለች።

"ይቅርታ አድርጊልኝ፣ ልጄ።"

"እዚህማ እኔና እርስዎ ብቻ ነን። የሳቁት ሰዎች አዳማ ናቸው። ለእነሱ ይንገሩልኝ።"

"እነግራለሁ" አልኩ።

የዩኒቨርሲቲው ሴሚናር በየሐሙሱ ነው። በመጀመሪያው ሐሙስ ተነስቼ ቆምኩ። የፊተኛው ወንበር ላይ ያኔ አብዝተው የሳቁት ተደርድረዋል። "ፕሮግራሙ ላይ ስህተት ተገኝቷል፤ ተስተካክሏል" አልኩ። ስለ መብራቱና ስለ ፕላዝማው ሳወራ አዳራሹ ሳቀ፤ ሞቅ አለኝ።

"ማነው ያገኘው?" አለ አንዱ።

"የሰፈሬ ልብስ ሰፊ" አልኩ።

እንደገና ሳቁ። ተቀመጥኩ። አፌ ውስጥ የነበረውን የእሷን ስም ዋጥኩት።

ከዚያ ወዲህ ብዙ ሐሙስ አልፏል። እሷ አልጠየቀችኝም፤ በዓል ሲመጣ "እንኳን አደረስዎ" ብላ ትልክልኛለች፤ ሌላ ነገር አትጨምርም። ያለብኝ አንድ ዓረፍተ ነገር ነው፤ እሷ ልክ ነበረች፣ እኔ ተሳስቼ አሳቅኩባት የሚል። ማንንም የማያስቅ ነገር ሰው ፊት ቆሜ መናገር እስካሁን አልቻልኩበትም።