ጧፍ የያዘው ወታደር

ከኦክላንድ ሳን ሆዜ እስክንደርስ እግሬ አላረፈም።

«ፍሬኑን የምትረግጪው አንቺ ነሽ እንዴ?» አለኝ አባዬ።

እዚያ አንድ ፓርክ ውስጥ የድሮ የእንግሊዝ ወታደር ልብስ ለብሰው የሚሰለፉ ሰዎች አሉ። ዕቃዬ ልክ በአስራ ሰባተኛው ክፍለ ዘመን እንደነበረው ከሆነ አብሬያቸው እሰለፋለሁ፤ ካልሆነ ቆሜ አያለሁ። ቆሞ ማየት ደግሞ አልችልበትም።

ክረምቱን ሙሉ ሪሰርች ሳደርግ ከረምኩ። ላፕቶፔን ይዤ ከአልጋ ወደ ኪችን፣ ከኪችን ወደ ደረጃው። ቀበቶውን ከእውነተኛ ቆዳ ቆረጥኩ። የባሩድ መያዣ የሆኑትን ትንንሽ የእንጨት ብልቃጦች ባዶአቸውን ደረቴ ላይ አንጠለጠልኩ። የዚያ ዘመን ጠመንጃ የሚተኮሰው እሳት በያዘ ክር መሆኑን ሳነብ ግን ማንበቤን አቆምኩ። እሳት የያዘ ክር እኮ ቤታችን አለ!

«እማዬ፣ ጧፍ ስጪኝ።»

«ልትጸልዪ ነው?» ፊቷ በራ።

«ለወታደሩ ነው።»

«ለሞተ ፈረንጅ ጧፍ? ምነው፣ ዘመድሽ ነው?» አለች፤ ግን ሰጠችኝ።

ፓርኩ ውስጥ ዕቃ የሚያዩት ሽማግሌ ቀበቶዬን ገለበጡ፣ ስፌቱን ዳሰሱ፣ ደስ አላቸው። ጧፉን ግን አሸተቱት።

«ሰም ነው? እስቲ አብሪው።»

አበራሁት። ነበልባሉ ቀጥ ብሎ ቆመ፤ ነፋስ ሲመጣ ወደ ደረቴ፣ ወደ ብልቃጦቹ ታጠፈ። ማንም ሳይነግረኝ ገባኝ። የድሮዎቹ ወታደሮች ገመድ አይነድም፤ ፍም ይዞ ይጨሳል እንጂ። የእኔ ወታደር አንድ ጥይት ሳይተኩስ ከነብልቃጡ ይፈነዳል።

«ሞቻለሁ!» አልኩና ጧፉን እፍ ብዬ አጠፋሁት። ሽማግሌው ሳቁ።

«ሌላ ገመድ ካገኘሽ ትሰለፊያለሽ። ቶሎ በይ፣ ልንጀምር ነው።»

ወደ መኪናው በረርኩ። አባዬ ሥራ ላይ የተሳፋሪ ሻንጣ የሚያስርበት ሻካራ ሲባጎ ትራንክ ውስጥ ነበር። ሽማግሌው ሁለቱንም ጫፍ ለኮሱት። ፕላስቲክ ቢሆን ይቀልጥ ነበር። አልቀለጠም፤ ነበልባሉን እፍ ሲሉት ቀይ ፍም ይዞ መጨስ ጀመረ።

«ግቢ» አሉኝ።

አባዬ ጧፉን ከእጄ ተቀብሎ ኪሱ ከተተ። «ይቺ ለእሁድ ናት» አለ።

ሲባጎውን በእጄ ጠቅልዬ ሰልፉ ውስጥ ገባሁ። በሁለቱም ጫፍ ይጨሳል፣ ዓይኔን ያቃጥለኛል። አጠገቤ ያለችው ሴትዮ «አትወዛወዢ» አለችኝ።

እንዴት አልወዛወዝ!