የቀረው ሸበጥ

ሰኞ ገበያ ላይ፣ ብረት ከጫነ መኪና ኋላ የታሰረ ቀይ ጨርቅ ሲውለበለብ ባየሁ ጊዜ የልጅነቴ ዒድ ታወሰኝ።

ሐይቅ ዳር ነን። ጎረምሶቹ ሸበጣቸውን አጎቴ ሙሄ ቀይ ጨርቅ ካሰሩበት አጣና ሥር ትተው ይዋኛሉ። ዋናተኛ እንዳይገጭ፣ ሁሉም ወጥቶ ሸበጡን እስኪያነሳ ጀልባ አይንቀሳቀስም። ወደ ማዶ የምትሻገር ሙሽራ ከነአጃቢዎቿ ተሳፍራ ትጠብቃለች። አንድ ጥንድ ሸበጥ ብቻ ቀረ፤ የወንድሜ የሰይድ።

"ጋሽ ሙሄ፣ ሙሽራዋ ጀልባ ላይ አረጀችብን እኮ!" አለ የጀልባው ሞተረኛ። "ልጁ ረስቶት ሄዶ ይሆናል።"

"ታርጃ! ወላሂ፣ ይሄ ሸበጥ እዚህ እያለ ሞተር አታስነሳም።"

የአጃቢዎቹ ሳቅ ቆመ። ሙሽራዋም መሸፈኛዋን ገልጣ ውሃውን ታይ ጀመር። ውሃው ሰማዩን እንደያዘ ጸጥ ብሏል። አጎቴ አጣናውን በሁለት እጃቸው ጨበጡት።

መኪናው ከነጨርቁ ሄደ። እኔ ግን አሁንም ከዚያ ሸበጥ አጠገብ ቆሜ ሰይድ ያልወጣበትን ውሃ አያለሁ።