ሐኪሙ በየትኛው «ሀ»?

ጡረተኛው የአውቶቡስ ሹፌር አያቱን ፍለጋ ቤተ መጻሕፍት የገባው ወዶ አይደለም። ቤቱ ያለባት ቅያስ በአያቱ ስም እንድትጠራ ለማዘጋጃ ቤቱ ሊያመለክት ነው፤ ፎርሙ ላይ ግን «የጽሑፍ ምንጭ ይጠቀስ» የምትል መስመር አለች። ቀነ ገደቡ ዛሬ አሥራ አንድ ሰዓት ነው። ቅያሷ ላይ የሚተከለው የቆርቆሮ ሰሌዳ ደግሞ ቀድሞ ተጽፎ አልቋል፤ «ሀኪሙ መንገድ» እንደተባለ አልጋው ሥር ተጋድሟል።

«ባዶ እጅህን ብትመጣ የዶሮ ቤቱን እከድንበታለሁ» ብላዋለች ሚስቱ። ቀልድ አታውቅም።

የማጣቀሻ ክፍሉ ሠራተኛ መነጽሯን በክር ያንጠለጠለች ሴት ናት።

«ሰውዬው ማን ይባላሉ፣ አባባ?»

«ሀኪሙ ነዋ! በወረርሽኙ ጊዜ ከተማውን ያተረፈ!»

«እንግዲህ ከታዋቂ ሰዎች መዝገብ እንጀምር።» ክንድ የሚያህል መጽሐፍ ፊቱ ዘርግታለት ሄደች።

ጣቱን እየላሰ «ሀ»ን ከዳር እስከ ዳር አሰሳት። የሌላ ሰው አያት ሞልቷል። አንድ የበቅሎ ነጋዴ ሁለት ገጽ ተሰጥቶታል። የእሱ አያት የለም።

«ይሄ መጽሐፍ ያዳላል!»

ሴትዮዋ ተመልሳ መጣች። «በየትኛው ‹ሀ› ነው የፈለጉት?»

«ስንት ‹ሀ› አለና?»

«ሦስት። እርስዎ ሃሌታው ላይ ነዎት። ሐኪም በሐመሩ ‹ሐ› ነው የሚጻፈው።»

ሠላሳ ዓመት መሪ ጨብጦ መታጠፊያ ስቶ አያውቅም ነበር።

አገኙት። «ሐኪሙ፦ የባህል መድኃኒት ዐዋቂ። በአንድ ቀን አርባ አራት ሕሙማን እንዳዳነ ይነገራል።» ሹፌሩ ዓይኑ እንባ ሞላ። ፎርሙን አወጣ።

«ቆይ አባባ፣ መዝገቡ ራሱ ከየት እንዳመጣው እንይ እንጂ።» ከሥር የተጻፈችውን ቁጥር ተከትላ የተጠረዘ አሮጌ ጋዜጣ አመጣች። ገጽ አራት ላይ፣ «አንድ የከተማ አውቶቡስ ሹፌር ለዘጋቢያችን እንዳጫወቱት» ይላል።

ሹፌሩ ዘጋቢውን አስታወሰው። ከኋላው ተቀምጦ፣ ሐኪሙ ስንት ሰው እንዳዳኑ ሲጠይቀው፣ ከመስተዋቱ በላይ የተለጠፈችው ጽሑፍ ዓይኑ ገባች፦ «የመጫን ልክ 44 ሰው።» ቁጥሯን እንዳለች ሰጠው። እውነተኛውን ቁጥር እናቱም ነግራው አታውቅም።

«እኚህን ሹፌር ብናገኛቸው ጥሩ ነበር» አለች ሴትዮዋ።

«እሱማ ሞቷል ይባላል።»

«ነፍስ ይማር። ሌላ ምንጭ እንፈልግ?»

ሹፌሩ የግድግዳውን ሰዓት አየ። ዘጠኝ ተኩል ሆኗል። «አይ ልጄ፣ መጽሐፍ ካለው እኔ ማን ነኝ?»

ፎርሙን ሞልቶ አስገባ። ከዚያ ሰሌዳውን ከአልጋው ሥር ጎትቶ ወደ ጽሑፍ ሠሪው ወሰደው።

«ምን ሆነ ደግሞ?»

«በምርምር ስሕተት ተገኘበት።»

«ብዙ ነው?»

«አንድ ፊደል ብቻ። ሌላው በመጽሐፍ የተረጋገጠ ነው።»