ጉና ላይ ያመመኝ ወባ አልነበረም

በዚህ ጉዞ ላይ አምስት ነበርን። አንደኛው እኔ አበጀ ነኝ፤ የተወለድኩት ላይ ጋይንት ደጋ ቢሆንም ከጎልማሳነቴ ጀምሮ የማርሰው ስማዳ ቆላ ነው። ሁለተኛዋ ልጄ የዝና ናት፤ ተጓዦችን ተራራ እየመራች የምታወጣ አስጎብኚ። ሦስተኛው አያ ውባለ በጉና ተዳፋት ገብስ የሚያርስ፣ ለተጓዥ በቅሎ የሚያከራይ ጎምቱ ሰው ነው። የቀሩት ሁለቱ ከባሕር ዳር የመጡ ባልና ሚስት መምህራን፣ ዳኛቸውና ሰናይት ናቸው።

እኔ ትምህርት ቤት አልገባሁም። ማንበብ የተማርኩት ማሽላዬን ከወፍ ስጠብቅ፣ ማማ ላይ ተቀምጬ፣ ከልጆቼ አሮጌ መጻሕፍት ነው። የሐኪሞቹን ቃል እንደ ሰማሁት እጽፈዋለሁ፤ ብሳሳት የሚያውቅ ያርመኝ።

ሕመሙ በራስ ምታት ጀመረኝ። ከመካነ ኢየሱስ ተነሥተን አያ ውባለ ቤት የደረስን ዕለት፣ ወደ ማታ ላይ፣ ከዓይኖቼ ጀርባ የሚወቅር ነገር ተሰማኝ። ድካም ነው ብዬ ዝም አልኩ። ጉዞው የዝና ለመጀመሪያ ጊዜ ብቻዋን የምትመራው ነበር። የሦስት ቀን መንገድ ነው፤ በሦስተኛው ቀን ጫፍ ይወጣል። «አባባ፣ ሥራዬን መጥተው ይዩልኝ» ብላ የጠራችኝ እሷ ናት። ከተራራ ተራራ መዞር የፍየል እንጂ የሰው ሥራ አይደለም ብዬ ስነግራት የኖርኩ ሰው ነኝ። ነገር ግን ልጁ «ሥራዬን እይልኝ» ስትለው የማይሄድ አባት፣ ኋላ «ልጄ የምትሠራውን አላውቅም» ብሎ ለማማረር አፍ የለውም። ስለዚህ ሄድኩ። ሄጄም በመጀመሪያው ቀን ራሴን አመመኝ ማለት አፈርኩ።

በማግሥቱ እህል አስጠላኝ። አስመለሰኝ። ከዚያ ብርድ ብርድ አለኝ፤ ጋቢ ደርቤም ተንቀጠቀጥኩ።

በእኛ አገር ሁሉ የሚያውቀው ነገር አለ። ቆላ ያሳምማል፤ ደጋ ያድናል። ወባ የጣለውን ሰው በበቅሎ ጭነን ደጋ ያለ ዘመድ ጋ እናወጣዋለን፤ አየሩ ቀዝቃዛ ነው፣ ቢምቢ የለም። እኔም ሁለት ጊዜ እንዲህ ድኛለሁ። ስለዚህ ራስ ምታቱን፣ ብርዱንና ማስመለሱን ደምሬ ወባ አልኩት። ከስማዳ ይዤ የመጣሁትን የወባ ክኒን ደሜን ሳልመረመር ዋጥኩ። አያ ውባለም በዚሁ ተስማማ።

«ከቆላህ ይዘኸው መጥተህ ነው» አለኝ በቅሎዋን እየጫነ። «ጉና ያራግፍልሃል። ገና ጫፉን ሳትረግጥ ወባህ ትቶህ ይሸሻል።»

የዝና ጣቴን በትንሽ መለኪያ ቆንጥጣ አየች። ፊቷ ተለወጠ። «ኦክስጅንዎ ወርዷል። ዛሬ እዚሁ እንረፍ፤ አንወጣም» አለች።

«በእኔ ምክንያት እንግዶችሽን ልታጉላዪ?» አልኳት። «ወባን ከአንቺ በፊት አውቀዋለሁ። ደጋ መድኃኒቱ ነው።»

ለመከራከር ጊዜ አልሰጠኋትም፤ ከበቅሎዋ ፊት ፊት መውጣት ጀመርኩ። በምክንያት የቆመች ልጅን በቁጣ መርታት ቀላል ነው። ቀላል መሆኑ ግን ትክክል አያደርገውም።

ከቀትር በኋላ ከአያ ውባለ የላይኛው ማሳ ዳር ድንኳን ተተከለ። ከዚያ በላይ እርሻ የለም፤ ጓሳ ሣርና ጅብራ የሚባለው የውርጭ ተክል ብቻ ነው። ማሳው ገና መታረሱ ነበር። ጫማዬን ለማሰር ጎንበስ ስል ትንፋሼ ተቋረጠ። ደረቅ ሳል ያዘኝ። ስተኛ ባሰብኝ። ደረቴ ውስጥ፣ ጋን ውስጥ እንደሚፈላ ጠላ፣ የሚንጫጫ ነገር ሰማሁ። ለማንም አልተናገርኩም። የዝና ግን ጆሮዋን ጀርባዬ ላይ አድርጋ ሰማችው።

«አባባ፣ ይውጡ» አለችኝ። ከድንኳኑ አውጥታ ማሳው ዳር አቆመችኝ። «ይቺን ትልም ይዘው እስከ ዳገቱ ጥግ ይሂዱልኝ። ተረከዝዎን ከጣትዎ ጫፍ እያገናኙ።»

«የምን ጨዋታ ነው?»

«ከደረሱ ነገ ጫፍ አወጣዎታለሁ። ካልደረሱ አሁኑኑ እንወርዳለን። እነዚህ ሁሉ ምስክር ናቸው።»

እሺ አልኩ። ጀመርኩ። ግራ እግሬ ከትልሙ ወጣ። መለስኩት። ቀኜ ወጣ።

«ትልሙ ጠማማ ነው» አልኩ።

አያ ውባለ ተቆጣ። «የእኔ ትልም? ገመድ ቢዘረጋ አይበልጠውም! አንተ ነህ ጠላ ሳትቀምስ የሰከርከው።»

መምህራኑ ሳቁ። የዝና አልሳቀችም። እንደገና ሞከርኩ። ወደቅሁ። እጄ ትልሙ ላይ አረፈ። ቀጥ ያለ ነበር። እኔ ዕድሜዬን ሙሉ ከበሬ ኋላ የሄድኩ ሰው ነኝ። መለኪያዋ ያልነገረኝን አፈሩ ነገረኝ። ፈራሁ።

«እንውረድ» አልኳት።

አያ ውባለ ግን ተጨነቀ። «ወባ የያዘውን ሰው ወደ ቆላ መመለስ ምን የሚሉት ነው?»

«ወባም ከሆነ ታች ይታከማል፣ አያ ውባለ» አለችው። «እዚህ ካደረ ግን አይነጋለትም።»

አያ ውባለ ወደ ታች ዞሮ የመንደሩን ሰዎች ተጣራ።

መራመድ አልቻልኩም። በበቅሎም መቀመጥ አቃተኝ። ከድንኳኑ እንጨትና ከጋቢዬ ቃሬዛ ተሠራ። ከንፈሬ ጠቁሮ እንደነበር ኋላ ነገሩኝ። ዳኛቸው ከፊት ተሸከመ። ሰናይት ሻንጣዎቹን ሁሉ ያዘች። የዝና ከጎኔ ሆና «ይተንፍሱ፣ አባባ፣ ይተንፍሱ» ትላለች። ሌላ ነገር አላስታውስም።

በአገራችን ቃሬዛ ያየ ገበሬ ሥራውን ጥሎ ትከሻውን ይሰጣል። አያ ውባለ በጠራቸው ላይ በየመንገዱ እየተጨመሩ ሰዎቹ በዙ። ከአስታ ዛፎቹ በታች ስንደርስ ትንፋሼ ትንሽ ተመለሰ፤ ከዚያ በታች ደግሞ ይበልጥ። ውኃ ስጡኝ አልኩ። አንዱ ተሸካሚ ሰማኝና፣ «ኧረ ይሄ ሰው በትከሻችን ላይ ዳነ! ይውረድና እኛን ይሸከመን!» አለ። በሳቅ ቃሬዛው ተንገጫገጨ። እኔም ልስቅ ብዬ ሳል ሆነብኝ።

ጤና ጣቢያው ኦክስጅን ሰጠኝና በመኪና ወደ ደብረ ታቦር ላከኝ። በሆስፒታሉ ደሜ ታየ፤ ደረቴ ኤክስሬይ ተነሣ። ሐኪሙ ወጣት ነበር። «ወባ የለብዎትም» አለኝ። «ሳንባዎ ውኃ ቋጥሯል። ፐልሞናሪ ኢዲማ ይባላል፤ ከፍታ ያመጣው ነው። ጭንቅላትዎንም መንካት ጀምሮ ነበር፤ እግርዎ ትልም የሳተው ለዚያ ነው።»

«እኔ እኮ ደጋ ነው የተወለድኩት» አልኩት።

«ሰውነትዎ ግን ቆላን ለምዷል። ትልቁን መድኃኒት ልጅዎ ሰጥተውዎታል፤ ማውረድ ነው።»

አራት ሌሊት ተኛሁ፤ ኦክስጅንና ኒፌዲፒን የሚባል ክኒን ተሰጠኝ። ከዚያ በኋላ ወደ ስማዳ ልመለስ ብል የዝና አልለቀቀችኝም፤ መካነ ኢየሱስ ወደ ተከራየችው ክፍል ወስዳ አልጋዋን ለእኔ ሰጠችና እሷ ምንጣፍ ላይ ተኛች፤ ጠዋት ጠዋት ደግሞ «ዛሬ እስከ አውቶቡስ ማቆሚያው፣ ነገ እስከ ገበያው» እያለች ርቀት ቆርጣ ታስኬደኝ ነበር፤ አንድ ቀን ከተወሰነልኝ አልፌ ብገኝ፣ ልጅ ሳለች እኔ ስቆጣት በነበረው ድምፅ «አባባ!» አለችኝና እግሬ ሳያስበው ተመለሰ። የምትሠራው ሽሮ ጨው ይበዛዋል፤ እሱን ነግሬያታለሁ፤ እውነት እውነት ነው። እንቅልፍ የወሰደኝ ሲመስላት ግን አጠገቤ ተቀምጣ ደረቴ ከፍ ዝቅ ሲል ታይ ነበር፣ እኔም እንድታቋርጠው ስላልፈለግሁ ዓይኔን አልገለጥኩም። ለሥልጠና የተሰጣትን መጽሐፍም ከዳር እስከ ዳር አነበብኩት። ስለ ሥራዋ የተናገርኩትን ቃል አንስቻለሁ።

ተራራ ለምትወጡ፣ በተለይ ከቆላ ለምትመጡ፣ ምክሬ ይህ ነው። ከፍታ ላይ ራስ ምታት ከያዛችሁ፣ ሌላ ምክንያት እስኪገኝ ድረስ ከፍታው ነው በሉ። እስኪለቃችሁ ወደ ላይ አትራመዱ። ከባሰባችሁ ውረዱ፤ ነገ አይደለም፣ ያኔውኑ። ደማችሁን ሳትመረመሩ የወባ ክኒን አትዋጡ። መንገድ መሪያችሁን ታዘዙ፤ መራመድ ያስተማራችኋት እናንተም ብትሆኑ።

ምስጋናዬ ስማቸውን ላልጠየቅኳቸው ተሸካሚዎች ነው፤ ለመኪናው ሾፌር፣ ለነርሶቹና ለሐኪሙም ነው። አያ ውባለን እግዚአብሔር ዕድሜ ይስጠው፤ እስካሁን ሲያገኘኝ «ሰካራሙ» ይለኛል። የዝናን ማመስገን በጽሑፍ አይሆንልኝም።

ወጪውንም ልናገር። ለሕክምናና ለመኪና ዐሥራ አራት ሺህ ብር ወጣ፤ ሁለት በግ ሸጬ፣ የጎደለውን የዝና ሞላችው። መምህራኑ ጫፉን ሳያዩ ተመለሱ፤ የከፈሉትን ልትመልስላቸው ብትል «ሰው ይዘን ወርደናል፤ ከዚህ በላይ ምን ልታሳዪን ነበር?» ብለው እምቢ አሏት። ተሸካሚዎቹ የአንድ ከሰዓት በኋላ ሥራ ቀረባቸው፤ አያ ውባለ የበቅሎውን ኪራይ አልቀበልም አለ። የሁላችንም ድምር ይኸው ነው፤ ነፍስ አልተጨመረበትም።