ጣቷን እስክታነሣ

የቋንቋ ትምህርት ቤቱ የማዳመጫ ክፍል ኃላፊ ጠዋት ከቤት ስትወጣ የወጥ ቤቱን መብራት አታጠፋም። ባሏ ከሞተ ወዲህ ያመጣችው ልማድ ነው። ጎረቤት ሲጠይቃት «ሌባ እንዲፈራ ነው» ትላለች። እውነቱ ግን ሌላ ነው። አመሻሽ ላይ ከሥራ ስትመለስ መታጠፊያው ጋ ቆም ብላ መስኮቷን ቀና ብላ ታያለች። በርቷል። ያኔ ባሏ በትምህርት ቤቱ ሰባተኛ የእንግሊዝኛ ማስተማሪያ ካሴት ላይ ያነበበው ዓረፍተ ነገር ጆሮዋ ላይ ይደውላል፤ «መብራቱ በርቷል፤ ስለዚህ ቤት መሆን አለበት።»

ይህ «አለበት» በእንግሊዝኛው መስት የሚባለው ረዳት ግስ ነው፤ ግዴታን ብቻ ሳይሆን እርግጠኛነትንም የሚናገረው። ደረጃውን ስትጀምር መስቱ ወደ ሜይ ይወርዳል፤ ቤት ሊሆን ይችላል። ቁልፏን ከቦርሳዋ ስትፈልግ ወደ ማይት ይቀጥናል፤ ምናልባት፣ ማን ያውቃል። በሩን ከፍታ ባዶውን የኮት መስቀያ ስታይ ካንት ይሆናል፤ ሊሆን አይችልም። ባሏ ተማሪዎቹን ያስተምር የነበረው በዚሁ ቅደም ተከተል ነው። እሷ ደግሞ በየቀኑ ትከልሰዋለች።

ለቅሶ የመጡት ሰዎች ሁሉ መስትና ሹድ ብቻ ነበር ይዘው የመጡት። መጽናት አለብሽ። መብላት ይኖርብሻል። ፈቃድ መጠየቂያውን ሜይ ይዞ የመጣ፣ «አጠገብሽ ልቀመጥ?» ያለ አንድም ሰው አልነበረም።

መጀመሪያ የተቀጠረችው የማዳመጫዎቹን አቧራ ልትጠርግና ለተማሪ ልታድል ነው። እንግሊዝኛዋ ከሰላምታ አያልፍም ነበር። በኋላ ባሏ የሆነው ሰው በትምህርት ቤቱ ድምፀ መልካም የሚባለው መምህር፣ የአብዛኞቹ ካሴቶች አንባቢ ነበር። አሠራሩ እንዲህ ነው፤ መምህሩ አንድ ዓረፍተ ነገር ያነብባል፣ ተማሪው እንዲደግም ካሴቱ ላይ ጸጥታ ይተዋል፣ ከዚያ ወደ ቀጣዩ ያልፋል። ሌሎቹ መምህራን ጸጥታውን በእጅ ሰዓታቸው ይለኩት ነበር። እሱ ግን ሰዓት አያምንም።

«ሰዓት ምላሱ ተሳስሮበት አያውቅም» አላት አንድ ቀን፣ መጥረጊያ እንደያዘች ጠርቶ ወንበር እየሳበላት። «እኔ ሳነብብ በልብሽ ድገሚ። ስትጨርሺ ይቺን ጣትሽን ከጠረጴዛው ላይ አንሺ። ያኔ እቀጥላለሁ።»

«ለምን እኔን?»

«ካንቺ የሚዘገይ ተማሪ ስለማይመጣ።»

«ይሄ ስድብ ነው ምስጋና?»

«ለካሴቱ ምስጋና ነው። ላንቺ፣ እንግዲህ እንደወሰድሽው።»

ከዚያ በኋላ በስሟ ጠርቷት አያውቅም። «ሰዓቴ» ነበር የሚላት።

ሰባተኛው ካሴት የእነዚያ ረዳት ግሶች ነው። ብቻቸውን መንገድ አይሄዱም፤ የሌላውን ግስ ትከሻ ይደገፋሉ። «ግን አንዱን በሌላው ስትቀይሪው» ብሎ አስረድቷት ነበር፣ «ተናጋሪው ሰውዬ ራሱ ይቀየራል። መስኮት ልክፈት ብሎ በካን የሚጠይቅሽ ጓደኛሽ ነው። በኩድ የሚጠይቅሽ እንግዳ ነው። በሜይ የሚጠይቅሽ ደግሞ እምቢ ብትዪው መስኮቱን ሳይነካ የሚወጣ ሰው ነው።»

ሲቀዱ እሱ እያነበበ፣ እሷ ጣቷን እያነሣች፣ ሥራው እንደ ውሃ ይፈስስ ነበር። መሃል ላይ ከወረቀቱ ቀና አለና፣ ድምፁን ሳይቀይር፣ በሜይ አንድ ጥያቄ ጠየቀ፤ «ቤትሽ ድረስ ልሸኝሽ?»

ዓይኗን ወደ ወረቀቱ ወረወረች። ጥያቄው እዚያ የለም። ፊቷ እሳት ሆነ፣ ጣቷ ከጠረጴዛው ጋር የተሰፋ መሰለ። ካሴቱ ይዞራል። መቅጃውን አላቆመውም፤ ዝም ብሎ ጠበቃት። በስተመጨረሻ ጣቷ ተነሣ። እሱም ጉሮሮውን ጠርጎ ቀጣዩን አነበበ፤ «ዝናብ ሊዘንብ ይችላል።»

ካሴቱ በዚሁ መልኩ ተባዛ። ለዓመታት ተማሪዎች ማዳመጫቸውን አውልቀው ይመጡባት ነበር። «ተበላሽቷል፤ ዝም አለ።» እሷም ሳቋን ውጣ «አልተበላሸም፤ ትንሽ ጠብቅ፣ ይመጣል» ትላቸው ነበር።

ዘንድሮ ክፍሉን ለኮምፒውተር እንዲያመች ሊያድሱት ሆነ፤ ካሴቶቹ እንዲጣሉ ተወሰነ። ቤት ውስጥ ድምፁን የቀዳ ማንም የለም። ዕድሜውን ማይክሮፎን ፊት ያሳለፈ ሰው ቤቱ ሲገባ ስለ መቅዳት መስማት እንኳ አይወድም ነበር። ስለዚህ ከእሱ ድምፅ የቀራት አንድ የሰባተኛው ካሴት ቅጂ ብቻ ነው፤ እሱ ያነበባቸው ሌሎቹ ቀድመው ቀልጠዋል፣ ተቆራርጠዋል። ወደ ሥራ አስኪያጁ ቢሮ እየወጣች፣ በኩድ ልጠይቀው ወይስ በሜይ እያለች ስታሰላ ቆየች። ደርሳ አፏን ስትከፍት የወጣው «ሰባተኛውን ካሴት ልውሰደው?» የሚል ብቻ ነው።

ሥራ አስኪያጁ ክፉ ሰው አይደለም። «ካሴት ምን ይሠራልዎታል? ማጫወቻውም አርጅቷል። ሽቦ በፍላሽ ይገልብጥልዎት» አላት።

ሽቦ በቅጥነቱ ይህ ስም የወጣለት፣ ሦስት ልጆች ያሉት የድምፅ ቴክኒሻን ነው። በማግስቱ ገና በሩ ላይ ሲያያት ሳቀ።

«እትዬ፣ አጥቤ ተኩሼ ነው የማስረክብዎት! ይቀመጡ፣ ይስሙት።»

ማዳመጫውን ጆሮዋ ላይ አደረገች። ሹክሹክታ የሚመስለው የካሴቱ የ«ሽሽ» ድምፅ ጠፍቷል። ድምፁ ጥርት ብሎ፣ ጎኗ የተቀመጠ ያህል ቀርቦ መጣ። የመስኮቱን ዓረፍተ ነገር አሳለፈች፣ የመብራቱን አሳለፈች። «ቤትሽ ድረስ ልሸኝሽ?» አላት። ትንፋሽ እንኳ ሳይወስድ ደግሞ «ዝናብ ሊዘንብ ይችላል» አለ።

ማዳመጫውን አወለቀች።

«መሃሉስ?»

«የቱ መሃል?»

«ጸጥታው።»

«እሱማ ባዶ ነበር፣ እትዬ። ቴፑ የተበላሸ መስሎኝ ቆረጥኩት።»

«አልተበላሸም። እየጠበቀኝ ነበር።»

ሽቦ ሳቁ ፊቱ ላይ ደረቀ። «ባለቤትዎ ናቸው እንዴ?» አለ ቀስ ብሎ። በአዎንታ ራሷን ነቀነቀች። ተነሥቶ ወጣ፤ በመስኮቱ ወደ ግቢው ሲሮጥ አየችው። ሲመለስ ላብ በላብ ሆኖ ነበር። ሰባተኛው ካሴት ያለበትን ካርቶን ጨምሮ ሁሉንም የቆሻሻ መኪና ጠዋት ጭኖ ሄዷል።

«ኮምፒውተሩ ላይ የነበረውን የመጀመሪያ ቅጂም አላስቀመጥኩትም፤ ከላዩ ላይ ነው የሠራሁት። በሞትኩት!» አለ ራሱን ይዞ። ከዚያም «ግን እመልሰዋለሁ። ባዶ ነገር መመለስ አያቅትም። ስንት ሰከንድ ነበር?» አላት።

«በሰዓት አልተለካም።»

«ታዲያ በምን?»

ለማንም ነግራው የማታውቀው ነገር ነው። ከዚያ ጣቷን ጠረጴዛው ላይ አኖረችና፣ መጥረጊያውንም፣ ወንበሩንም፣ «ሰዓቴ»ንም በአጭሩ ነገረችው። ይስቅብኛል ብላ ነበር። አልሳቀም። ኮምፒውተሩን አዘጋጀና ወንበሩን ዞር አድርጎ ፊት ለፊቷ ተቀመጠ።

«እንግዲያው እንደ ድሮው እንለካው። እሳቸው ይጠይቁዎት፤ ጣትዎን ሲያነሡ እኔ አቆመዋለሁ።»

ማዳመጫውን መለሰች። «ቤትሽ ድረስ ልሸኝሽ?»

ጸጥ አለ።

ያኔ ያዘገያት እፍረት ነበር፤ ጫማዋ የተጠገነ መሆኑን፣ ሰፈሯ መብራት የሌለው መሆኑን እያሰበች። አሁን የሚያሳፍር ነገር የለም፤ መልሷንም እሷም ባሏም ያውቁታል። ነገር ግን ጣቷን ካነሣች እሱ ስለ ዝናቡ ማውራት ይጀምራል፤ ከዝናቡ በኋላ ጥቂት ዓረፍተ ነገሮች፣ ከዚያ የካሴቱ መጨረሻ። ካላነሣች ግን አሁንም ከወረቀቱ ቀና ብሎ፣ ምን ልትል ይሆን ብሎ፣ ልቡ እየመታ ይጠብቃታል።

በኮሪደሩ ተማሪዎች እየተንጫጩ አለፉ። ሽቦ እጁን ማቆሚያው ላይ እንዳንጠለጠለ ጣቷን ያያል፤ አላጣደፋትም።

ጣቷ ጠረጴዛው ላይ ነበር። ገና አላነሣችውም።