አራጁን ቢላ ያስጣልኩት እኔ ነኝ

ሥራ የጀመርኩት ሰኞ ቀን ነው። ሚሊኒየሙ ካለፈ ጥቂት ዓመታት ሆኖት ነበር። ከሮቤ ጎባ በሚኒባስ ደረስኩና የሆስፒታሉ የአእምሮ ሕክምና ክፍል በር ላይ፣ ተራ ከሚጠብቁት ሰዎች ጋር አግዳሚው ላይ ተቀመጥኩ። ሁለት ዓመት ሙሉ መድኃኒቴን የወሰድኩት እዚያው ተቀምጬ ስለነበር እግሬ ለምዶት ነው።

የክፍሉ ኃላፊ ሲስተር ትርሲት በሩን ከፈት አድርጋ አየችኝና ሳቀች። የጎንደር ልጅ ናት፤ ስትስቅ ትከሻዋ ይስቃል።

«ከማል፣ ዛሬ እኮ ሠራተኛ ነህ! ግባ እንጂ» አለችኝ።

አንድ ደብተር፣ ሁለት እስክሪብቶና ስሜ የተጻፈበት ባጅ ሰጠችኝ። ጋዋን አልሰጠችኝም። እኔ ደግሞ ሌት ተቀን የማስበው ጋዋኑን ነበር። ሠፈር ውስጥ ለብሼው ብታይ ያ የእብድ ስሜ የሚታጠብ ይመስለኝ ነበር። ስጠይቃት «ጋዋን ከለበስክ ከእኛ አንዱ ትሆናለህ፤ የቀጠርንህ ግን ከእነሱ አንዱ ስለሆንክ ነው» አለችኝ። ሙሉ ቀን ቅር ብሎኝ ዋልኩ።

የሥራ መደቤ የአቻ ድጋፍ ሰጪ ይባላል። ታሞ የዳነ ሰው፣ ከአእምሮ ሆስፒታል ወጥቶ ወደ ቀዬው የሚመለሰውን ሌላ ሰው አይዞህ እያለ የሚያለማምድበት ሥራ ነው። በደረጃ ከጽዳት ሠራተኞቹ ጋር ነበርኩ፤ እነሱ ግን የክፍሎቹን ቁልፍ ይይዛሉ።

አሠራሩ ይህ ነው። አንድ ሰው ሲወጣ የመውጫ ወረቀቱ ግልባጭ ይደርሰኛል። አብሬው ተሳፍሬ ቤቱ አደርሰዋለሁ። በሳምንቱ ተመልሼ እጠይቀዋለሁ፤ ከዚያ በወር በወር። እንቅልፉን፣ ምግቡን፣ መድኃኒቱን እጠይቅና እጽፋለሁ። አንዷን ጥያቄ የጨመርኳት እኔ ነኝ፤ «ዛሬ ማን ሰላም አለህ?» የምትለውን። የብዙውን ሰው ጤና ከሌሎቹ መልሶች ይልቅ ከእሷ መልስ አውቀው ነበር።

በሆስፒታሉ መኪና ሰው አላደርስም። መኪናው በር ላይ ሲቆም ጎረቤቱ ሁሉ ይወጣል፤ የሚወርደው ሰው ገና እግሩ መሬት ሳይነካ በሽተኛ ነው። በአውቶቡስ እንሄድና ከመናኸሪያው ቤቱ ድረስ በእግር ሰላምታ እየሰጠን እንገባለን። ሲስተር ይህን ዘዴዬን ወዳልኝ ነበር።

ሌላው ዘዴዬ ወሬዬ ነበር። መናገር እወዳለሁ፤ አልክድም። ቤተሰቡ ሲሰበሰብ «እኔም ታምሜ ነበር» ብዬ እጀምርና፣ ድምፅ ይሰማኝ እንደነበር፣ ልብሴን ጥዬ ሮቤ አስፋልት ላይ እንደሮጥኩ፣ ወንድሞቼ እንዴት እንዳሰሩኝ አንድ በአንድ እናገራለሁ። አንገቱ የምትባል ከተማ አንዲት ልጅ ያደረስኩ ጊዜ እናቷ ለብቻዋ ሰሃን ለይታላት ነበር። ታሪኬን ስጨርስ እናትየው አለቀሰችና ሰሃኑን አንስታ ልጅቷን ከራሷ ጋር አበላቻት። ከዚያ ወዲህ ምላሴ ራሱ መድኃኒት መሰለኝ።

ካደረስኳቸው መካከል የቀበርኳቸውም አሉ። ስለእነሱ እዚህ አልጽፍም፤ ቤተሰቦቻቸው ያነባሉ። የምጽፈው ስለ አማን ነው፤ እሱ ራሱ «ጻፈው» ብሎኛል።

አማን የደሎ መና ሰው ነው፤ ሥራው አራጅነት። ለሠርግ፣ ለሶደቃ፣ ለአረፋ ሰው የሚጠራው እሱን ነበር። እጁ ፈጣን ስለሆነ ከብቱ አይሰቃይም ይሉ ነበር። ሲታመም ግን ቢላውን እንደያዘ ገበያ መሐል ቆሞ ሲጮህ ዋለ። ማንንም አልነካም። የዚያን ቀን የነበረ ሰው ሁሉ ግን ቢላውን ያስታውሳል። አዲስ አበባ ተወስዶ የአእምሮ ሆስፒታል ወራት ተኛ፤ ሲሻለው ክትትሉ ለእኛ ተላለፈና እኔ ላደርሰው ተመደብኩ።

ከጎባ በጠዋቱ አውቶቡስ ወጣን። ሳነቴ ተራራ ላይ ጉሙ ወፍሮ መንገዱ አይታይም፤ ብርዱ ጥርስ ያንቀጫቅጫል። አማን አንድ ቃል አልተናገረም። ሐረና ጫካ ወርደን ሙቀቱ ሲቀበለን ጃኬቱን አወለቀና «ለአረፋ ሦስት ሳምንት ቀረው አይደል?» አለኝ። አዎ አልኩት። «አልሐምዱሊላህ፣ ደረስኩ» አለ። ምን ማለቱ እንደሆነ አልጠየቅኩትም። መጠየቅ ነበረብኝ።

ቤቱ ስንደርስ ሚስቱ ሩቂያ በደስታ የምትይዘው የምትጨብጠው ጠፋት። እኔ ደብተሬን አወጣሁ። በሥልጠና ከተሰጠን መመሪያ ውስጥ «ስለት ያለው ነገር ከእጅ ይራቅ» የሚል መስመር አለ። ሩቂያን ወደ ጓዳ ጠራሁና «ቢላዎቹን ለጊዜው ከቤት አርቂያቸው» አልኳት።

«የሥራ ዕቃዎቹን ነው፣ ኦቦ ከማል?» አለች።

«ሁሉንም» አልኳት። ደብተሬ ላይ የራይት ምልክት አድርጌ በማግስቱ ተመለስኩ።

ሩቂያ የታዘዘችውን ፈጸመች። አራቱን ቢላ በጨርቅ ጠቅልላ ለጎረቤት አደራ ሰጠች። ጎረቤቷ ምንድን ነው ብትላት «ሆስፒታሉ አርቂ ብሎኝ ነው» አለቻት። ሳይመሽ ወሬው ገበያውን አዳረሰ። ሆስፒታሉ አማን ቢላ እንዳይነካ ከልክሏል ተባለ።

በሳምንቱ ስሄድ አማንን መደብ ላይ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ተኝቶ አገኘሁት። ምግብ ትንሽ፣ እንቅልፍ የለም። ማን ሰላም አለህ ስለው አልመለሰልኝም። ሩቂያ ናት የነገረችኝ። ሁልጊዜ ለአረፋ የሚጠሩት ቤቶች ሌላ አራጅ ይዘዋል፤ ልጆች ከበሩ ላይ «ማራታ! ማራታ!» እያሉ ይሮጣሉ። እብድ ማለት ነው።

በመጨረሻ አማን ወደ እኔ ዞረ።

«ከማል፣ አዲስ አበባ መልሰኝ» አለኝ። «እዚያ ግቢውን እጠርግ ነበር። ነርሶቹ አማን ይሉኛል። እዚህ ስም የለኝም። የወሩን የመድኃኒት መርፌም ከእንግዲህ አልወጋም፤ ለምኔ ነው የምድነው?»

ብዙ ሰው ሆስፒታል አልመለስም ብሎ ሲያለቅስ አይቻለሁ። መልሱኝ የሚል ሰው ያየሁት ያን ቀን ነው። ያደረግኩት ነገር የገባኝም ያን ቀን ነው። ደነገጥኩ፤ አፈርኩም።

ጎባ ተመልሼ ለሲስተር ትርሲት ሁሉንም ነገርኳት። አልተቆጣችም፤ ብትቆጣኝ በቀለለኝ ነበር። መመሪያውን አውጥታ «ይህ መስመር ለማን ነው የተጻፈው?» አለችኝ።

«ራሱን ወይም ሰው ሊጎዳ ለሚያስብ።»

«የአማን ወረቀት ላይ እንዲህ የሚል አለ?»

«የለም።»

«ታዲያ ሥራው ምን እንደሆነ እያወቅክ?»

አማን ጤነኛ መሆኑን የሚገልጽ ደብዳቤ ጽፋ ማህተም መታችበትና ሰጠችኝ። «ሠፈርተኞቹ የሚሰሙት ሰው ማን እንደሆነ አንተ ታውቃለህ» አለችኝ።

የሚሰሙት ሰው ሼህ ከድር ነበሩ፤ የሠፈሩ መስጊድ ኢማም፣ ጢማቸው በሂና የቀላ፣ ድምፃቸው ዝግ ያለ ሽማግሌ። የሄድነው ሐሙስ ከዙሁር ሶላት በኋላ ነው። አማን ሊቀር ፈልጎ ነበር፤ ሩቂያ ንጹህ ሽርጥ አስታጥቃ ገፋችው። መስጊዱ በረንዳ ላይ ምንጣፍ ተነጥፎ ሌሎች ሁለት አዛውንቶችም ነበሩ። ንግግሩ በኦሮምኛ ነበር፤ እንደማስታውሰው እጽፈዋለሁ።

ደብዳቤውን ሰጠኋቸው። ቀስ ብለው አነበቡትና አጠፉት።

«ደህና ነው ትላለች፤ አልሐምዱሊላህ» አሉ። «ግን ቢላ ይራቅ ያለውም ሆስፒታሉ ነው። የትኛውን ልያዝ?»

«እሱን ያልኩት እኔ ነኝ፣ ሼህ። ተሳስቼ ነው።»

«አንተ ማነህ?»

እዚህ ላይ ነው የለመደ ምላሴን የፈታሁት። «እኔም ታምሜ ነበር» ብዬ ጀመርኩ። ድምፁን፣ አስፋልቱን፣ እስራቱን፣ ሁሉንም ተናገርኩ። ዛሬ ይኸው ሰው ሆኛለሁ፣ አማንም ድኗል፣ እመሰክርለታለሁ አልኩ። አንደኛው አዛውንት ቀና ብለው አላዩኝም።

ሼህ ከድር እስክጨርስ ታገሱኝ። ከዚያ በርኅራኄ፣ ለልጃቸው እንደሚናገሩ ሆነው መለሱልኝ።

«ልጄ፣ አላህ እንኳን ማረህ። እኔ የምጠየቀው ግን ሰው ስለሚበላው ነገር ነው። አራጅ አቅሉ የተሟላ መሆን አለበት። ስለ አቅሉ የሚመሰክር ሰው አምጣ ብዬ ብጠይቅህ ደግሞ አቅሉን ስቶ የነበረ ሰው ነው ያመጣህልኝ። ሰው ይህን ይቀበላል?»

አንገቱ ከተማ እናት ያስለቀሰው ታሪኬ እዚህ በአማን ላይ ተመዘዘ። አማን መሬት መሬት እያየ ነበር። አለቀ፣ ነገ አዲስ አበባ መልሰኝ ይለኛል ብዬ አሰብኩ።

«ሼህ፣ እኔ ልናገር?» አለ አማን።

«ተናገር።»

«የታመምኩ ጊዜ ሩቂያ መጥታ ሶላቱን ተወ ብላ አለቀሰችብዎት። አቅሉ የለም፣ አይጠየቅበትም ብለው አጽናኗት። እውነት ነው?»

«እውነት ነው።»

«ባለፈው ጁምዓ ከኋላዎ ሰግጃለሁ። ነገ ጁምዓ ብቀርስ? እጠየቅበታለሁ?»

«በደንብ አድርገህ ትጠየቅበታለህ!» አሉ ሼሁ።

«ረመዳን ባልጾምስ?»

«ወንጀል ነዋ!»

«እንግዲያው፣» አለ አማን፣ «ለሶላት የበቃ አቅል ለፍየል አነሰ?»

ሼህ ከድር የሙስበሃቸውን ዶቃ መቁጠር አቁመው አዩት። ቀና ብለው ያላዩኝ አዛውንት ቀና አሉ።

እኔ ከመታመሜ በፊት የኮምባይነር ኦፕሬተር ነበርኩ። የሮቤን ስንዴ ስንት በጋ አጭጃለሁ። ከሆስፒታል ስመለስ ማሽኑን ሌላ ሰው ይነዳው ነበር። ባለቤቱን ለምን ብዬ አልጠየቅኩትም፤ ይገባኛል ብዬ ሄድኩ። ያን ቀን አማንን እየሰማሁ እኔ አንድም ቀን ጠይቄ እንደማላውቅ ትዝ አለኝና ዓይኔ እንባ ሞላ።

«አማን፣» አሉ ሼሁ በመጨረሻ፣ «አንተን ሳልጠይቅ ስለ አንተ ሰው ስጠይቅ ነው የሰነበትኩት። አውፍ በለኝ፣ ይቅር በለኝ። ለእናቴ ሶደቃ የማወጣው ፍየል አለኝ። ነገ ጠዋት ቢላህን ይዘህ ና።»

በማግስቱ ጠዋት ሼሁ ግቢ ሰው ከአጥሩ ጥግ ጥግ ቆሞ ነበር፤ የተጠራውም ያልተጠራውም። አማን ቢላውን ከጎረቤት አስመልሶ፣ ስሎ መጥቷል። ስለቱን በአውራ ጣቱ ጥፍር ሞከረ፤ ፍየሉ እንዳያየው ቢላውን ከኋላው አደረገ። ፍየሉን አስተኝቶ ወደ ቂብላ፣ ወደ መካ አቅጣጫ፣ አዞረው። ከዚያ ቢላውን ብድግ ሲያደርግ እኔ ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ አልኩ።

አስቤበት አይደለም። እግሬ ነው ያፈገፈገው። አማን አየኝ።

የሚሰድበኝ መስሎኝ ነበር። እሱ ግን ለማንኛውም ረዳት እንደሚናገር ሆኖ «ከማል፣ ና እግሩን ያዝልኝ» አለኝ። ሄጄ ተንበርክኬ ያዝኩለት። ፊቴ ከቢላው አንድ ክንድ አይርቅም ነበር። «ቢስሚላህ፣ አላሁ አክበር» አለ፤ አንድ ጊዜ ሳበው፤ አለቀ። ፍየሉ እጄ ላይ ብዙም አልተወራጨም። ሼህ ከድር ሥጋው ሲበስል ከሁሉም ቀድመው ጎረሱ።

ለአረፋ አማን ከሶላት በኋላ እስከ ቀትር አልተቀመጠም ብላ ሩቂያ በስልክ ነገረችኝ። ያልጠሩትም አሉ፤ ዛሬም የማይጠሩት አሉ። መርፌውን ግን አላቋረጠም።

ከዚያ በኋላ ብዙ ዓመት ሠራሁ። አዳዲስ ልጆች ስለ ሥራው ሲጠይቁኝ ይህን እነግራቸዋለሁ። ታምሜ መዳኔ ሌላውን የታመመ ከመፍራት አላዳነኝም፤ እናንተንም አያድናችሁም። ቤት ስትገቡ በመጀመሪያ ሰውዬው ምን ይሠራ እንደነበር ጠይቁት። ከዚያ አጠገቡ ተቀምጣችሁ ዝም በሉ፤ የሚናገረው እሱ ነው።