ያለ ጠላ የተሰበሰቡ ሰዎች

በ1974 ዓ.ም. ኮልፌ ውስጥ የቀበሌያችን ጽሕፈት ቤት ጸሐፊ ነበርኩ። ብዙ የማይረባ ነገር ጽፌያለሁ፤ ከጻፍኩት ሁሉ የማላፍርበት የጋሽ መኳንንትን ሪፖርት ብቻ ነው።

ጋሽ መኳንንት የቀበሌው ዘበኛ ነበር። ደግ ሰው ነው፤ ግን አረቄ ተጫውቶበታል። ቄስ ትምህርት ቤት ያፈራው ያማረ የእጅ ጽሑፍ ነበረው ይባላል። እኔ በደረስኩበት ጊዜ ግን የተረኛ መዝገብ ላይ ሲፈርም እንኳ እስክሪብቶው እየዘለለ ያስቸግረው ነበር። ሚስቱ ጽጌማርያም ሁለት ልጆቿን ይዛ ሳንሱሲ እህቷ ቤት ገብታለች። ስትሄድ የተናገረችውን ሰፈሩ ሁሉ ያውቀዋል። «እጁ መንቀጥቀጡን የተወ ዕለት ጥሩኝ» ነው ያለችው። ከዚያ ወዲህ በየጠዋቱ በሩ ላይ ቆሞ «አጸደ፣ ዛሬ አልቀምስም» ይለኛል። ቀትር ሳይሞላ ቀምሶ ይገኛል።

አንድ ቀን ለሊቀ መንበራችን ለጓድ ወልደሰንበት ጥቆማ መጣ። አስኮ ሰፈር ውስጥ ደሜ የሚባሉ የጫማ ፋብሪካ ጡረተኛ ግቢ ውስጥ ሰባት ወንዶች በየእሁዱ ከሰዓት በኋላ ይሰበሰባሉ፤ አብዛኞቹም የእኛ ቀበሌ ነዋሪዎች ናቸው። ዝክር ነው እንዳይባል ጠላ የለም፤ ዕቁብ ነው እንዳይባል ገንዘብ የለም፤ ለቅሶ ነው እንዳይባል የሞተ ሰው የለም። ሰባት ወንድ ጠላ ሳይቀርብለት ሁለት ሰዓት ሙሉ ተቀምጦ ምን ያወራል? ፖለቲካ ነው እንጂ! በዚያ ዘመን ሰው ከዚህ ባነሰ ነገርም እስር ቤት ገብቶ ቀርቷል፤ ስለዚህ እኔም አልሳቅኩም።

ጓድ ወልደሰንበት ጋሽ መኳንንትን አስጠራው።

«አንተ ሂድ» አለው። «ሰካራም ቤት ቢሳሳት ማን ይጠረጥረዋል? በአንድ ወር ውስጥ እውነቱን ካላመጣህልኝ ሁሉንም ለቅሜ ነው የማስገባቸው።»

ሄዶ በማግስቱ ሰኞ ጠዋት አጠገቤ ተቀመጠ። እጁ እምቢ ስላለው የምጽፍለት እኔ ነኝ።

«ጻፊ። ስለ መጠጥ ይነጋገራሉ።»

«ስለ መጠጥ ምን?»

«ስለ አለመጠጣት።»

ቀና ብዬ አየሁት። «ጋሼ፣ ይሄን ማን ያምነናል?»

«እኔስ መች አመንኩ» አለና ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነገረኝ። በሩን ሲያንኳኳ ከየት መጣህ ሳይሉ ዱካ ሰጡት፤ በጣሳ ተልባ ቀዱለት። ከዚያ እያንዳንዱ በየተራው ሳይጠጣ ስንት ቀን እንደቆየ ተናገረ። አንዱ ሸማኔ ስምንት ወር ሆኖታል። ሌላው ገና ሐሙስ ዕለት ጠጥቶ ነበርና እያለቀሰ ተናገረ፤ የተቆጣው ሰው የለም። ደመወዝ የተቀበለ ሰው ለብቻው ወደ ቤቱ አይሄድም። ጦር ኃይሎች ላይ ይጠባበቁና አረቄ ቤቶቹን ሁለት ሁለት እየሆኑ ያልፏቸዋል።

«አየሽ፣ እኔ ያቃተኝ ለብቻዬ ስለሆነ ነው» አለኝ።

ጓድ ወልደሰንበት ሪፖርቱን ደጋግሞ አነበበው። «አለመጠጣት የሚሉት የምስጢር ቃል መሆን አለበት» አለና በቀይ እስክሪብቶ «ክትትሉ ይቀጥል» ብሎ ጻፈበት። ጋሽ መኳንንት ይህን ሲሰማ ፊቱ ፈካ። ትእዛዝ እንዲህ ያስደሰተው ሰው ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም አላየሁም።

ሦስተኛው እሁድ ላይ ግን ተልባው አልወርድለት አለ። ሰዎቹ ሆዳቸውን ሲገልጡ እሱ ሰላይ ሆኖ መቀመጡ አንገበገበው። ተነስቶ «እኔን ቀበሌ ነው የላከኝ» አላቸው። ጋሽ ደሜ ጣሳቸውን አስቀመጡ።

«እናውቃለን» አሉ። «ሰካራም እሁድ ከሰዓት ቤት ቢሳሳት አረቄ ቤት ይገባል እንጂ ተልባ ቤት አይገባም።»

«ታዲያ ለምን አስገቡኝ?»

«አፍህ ይሸት ነበራ። ቀበሌ ልኮህ ሊሆን ይችላል፤ ሽታው ግን የራስህ ነው።»

ይህን ሲነግረኝ እየሳቀ እንባው ይወርድ ነበር። እኔም አለቀስኩ፤ ምን ይደረግ።

ወሩ ሲሞላ ጓድ ወልደሰንበት አስጠራው። እኔ ቃለ ጉባኤ ልይዝ ጥግ ላይ ተቀምጫለሁ። የሰባቱ ሰዎች ስም በአንድ ወረቀት ላይ ተዘርዝሮ ጠረጴዛው ላይ አለ። የቀረው ፊርማ ብቻ ነው።

«ለመጨረሻ ጊዜ ልጠይቅህ። እዚያ ግቢ ውስጥ ምን ይሠራሉ?»

ጋሽ መኳንንት ሁለት እጁን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋ። ሊቀ መንበሩ እነዚያን እጆች ስድስት ዓመት ሙሉ ያውቃቸዋል፤ ጠመንጃ እንኳ አደራ የማይሰጣቸው እጆች ናቸው። አሁን ጸጥ ብለው ተቀምጠዋል።

«ይሄንን ነው የሚሠሩት» አለ።

ጓድ ወልደሰንበት ደግ ሰው ነበር ብዬ አልዋሽም። ግን እጆቹን ብዙ አየና የስሞቹን ወረቀት ቀደደው። «እንግዲያው የዛሬውን ሪፖርት ራስህ ጻፈው» አለ። እፎይ አልኩ፤ ከዚያ በፊት እንደዚያ ተንፍሼ አላውቅም።

ጋሽ መኳንንት እኔ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጦ ጻፈ። ጽሑፉ እንደተባለው ያማረ ነበር። «ሰባቱ ሰዎች አልጠጡም። እኔም ስምንተኛው አልጠጣሁም» ይላል። ጓድ ወልደሰንበት ከሥሩ እንደ ልማዱ «ክትትሉ ይቀጥል» ብሎ ጨመረበት።

ወረቀቱን ፋይል ውስጥ ማስገባት ነበረብኝ። ሰርቄው በዚያው ዕለት ከሰዓት ሳንሱሲ ሄድኩ። ጽጌማርያም ደጃፍ ላይ ምስር ትለቅማለች። ማንበብ የተማረችው በመሠረተ ትምህርት ነውና ፊደሉን በጣቷ እየተከተለች አነበበችው።

«ማን ጻፈው?»

«ራሱ።»

«እጁን ማን ይዞለት?»

«ማንም።»

እንደገና አነበበችው። ከዚያ ሰፌዱን አስቀምጣ ወደ ውስጥ ገባች፤ በተከፈተው በር የልጆቹን ልብስ ስታጣጥፍ አየኋት።